ባልየው የሚያጨበጭብለት ዘፈን

ቶሮንቶ

ዘመድኩን ወዳጄ፣

ትናንት የእህቴ ልጅ ኤፍራታ ፓርክዴል የሚባል ሰፈር ኮንሰርት ወሰደችኝ። አንድ ፈረንጅ ክራር መሳይ ይዞ የጥንት የደቡብ ፈረንሳይ አዝማሪዎችን ዘፈን ይጫወታል። «ጋሼ፣ በዘመኑ አዝማሪው የጌታውን የመስፍኑን ሚስት እኮ ነው በፍቅር የሚያሞግሳት» አለችኝ።

«ባልየውስ?»

«እዚያው ቁጭ ብሎ ያጨበጭባል፤ አዝማሪውን የሚቀልበውም እሱ ነው።»

ግራ ገባኝ። የኛ ደጃዝማች ቢሆን ማሲንቆውን አዝማሪው ራስ ላይ ነበር የሚሰብረው! ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ፣ ልማድ ሆኖብኝ «ተቀበል!» ብዬ ጮህኩ። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ። ኤፍራታ «ኦ ማይ ጋድ» ብላ አቀረቀረች፤ ዘፋኙ ግን እጅ ነሳኝ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ፖስት ካርዱ ሞላ። ልጆቹን ሳምልኝ። ባለቤትህን ተናኘንም በሁለት ስንኝ ላወድሳት ነበር፤ ግን አንተ የፈረንሳዩን መስፍን ትመስል እንደሆነ ወይስ የኛን ደጃዝማች ስላላወቅኩ ተውኩት።

ሃብታሙ