የአልጋ ጎረቤቴን ማን አይቷታል?

ሆሳዕና፣ ከያሆዴ በዓል በኋላ ባለው እሁድ

ለምወድሽ የአልጋ ጎረቤቴ፣

እንቅልፉ እንዴት ነው? ይመጣል ወይስ እንደ ድሮው በር ድረስ መጥቶ ይመለሳል? እጅሽስ መንቀጥቀጡን ቀነሰ? የምግብ ፍላጎትሽን አልጠይቅሽም፤ ክኒኑ እያለ እሱ እንደማይጠፋ ሁለታችንም ያሰፋነው ቀሚስ ምስክር ነው። እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ባለቤቴ ጠና ከእንጨት ሥራው አቧራ የተነሳ ትንሽ ከማሳሉ በቀር ደህና ነው። ልጄ አቢጋኤልም ደህና ናት፤ ኮሌጅ ሊከፈት ስለሆነ ልብሷን በየወንበሩ ላይ ዘርግታ ቤቱን ሱቅ አስመስላዋለች።

ይህ ደብዳቤ የት እንደሚያገኝሽ አውቃለሁ። እንዴት እንዳወቅሁ ቦታው ላይ ስደርስ እነግርሻለሁ። አትደንግጪ። የምጽፍልሽ ደስ ብሎኝ ነው። እንዲያውም አቢጋኤል ከጓዳ ሆና «እማ፣ ብቻሽን ምን ያስቅሻል?» እያለችኝ ነው። ይህ ጥያቄ በእኛ ቤት ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። «እየጻፍኩ ነው» ስላት ተወችኝ።

ባለፈው በዱራሜ መኪና የላክሁልሽ ወረቀት አጭር ነበር። «ነይልኝ፤ ቤተሰቦቼ ሊያዩሽ ይገባል፤ የለችም የሚል ሰው ተነስቷል» ብቻ ነበር ያልኩሽ። ሙሉውን ያልጻፍኩት አፍሬ ነው። ነገሩ የጀመረው በፊልም ነው።

አቢጋኤል ክረምቱን ሙሉ በፍላሽ ፊልም እያመጣች ስታሳየን ከረመች። ሳይኮሎጂካል ትሪለር ይባላል አለችኝ። በሁሉም ዋናው ሰውዬ ወይም ዋናዋ ሴትዮ እንደ እኔና እንደ አንቺ አእምሮው የታመመ ነው። «ለምን እንዲህ ያለውን ትመርጫለሽ?» ብላት፣ ዓይኗን ከቲቪው ሳትነቅል «አንቺን ለመረዳት ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት አላይም ልበላት?

ምን አየሁ መሰለሽ! ሰውዬው ሊታመም ሲል ሙዚቃው ቀድሞ ይነግርሻል። እኔ ስታመም ምንም ሙዚቃ አልነበረም፤ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ደግሞ ቤታቸው ሰፊ ሆኖ ሁልጊዜ ጨለማ ነው። ድምፅ ሲሰሙ ወደ ምድር ቤት ይወርዳሉ እንጂ አንዳቸውም መብራት አያበሩም። መብራት ጠፍቶባቸው ይሆናል ብዬ ሳዝንላቸው፣ ፍሪጁ ሲከፈት ውስጡ ቦግ ብሎ በርቷል! መድኃኒት ለመውሰድ የሚሰለፍ የለም፣ ከክኒን በኋላ የሚወፍር የለም። መጨረሻ ላይ ወይ ሰው ይገድላሉ ወይ ይገደላሉ። ድኖ ገበያ የሚሄድ አንድም አላየሁም። ለአቢጋኤል ይህን ብነግራት «እማ፣ ገበያ ቢሄድ ፊልሙን ማን ያየዋል?» አለችኝ። «እኔ» አልኳት።

ጎረቤታችን ገነቴም እየመጣች ታይ ነበር። አየች ማለት ከተቻለ ነው። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ «አለፈ? አለፈ?» እያለች፣ ሲብስባት ደግሞ ቲቪውን በኢየሱስ ስም እየገሠጸች። ጠና ገና ሲጀመር ይተኛል፤ ሊያልቅ ሲል ነቅቶ ማን እንደሞተ ይጠይቃል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ያየነው ስለ አንድ ሰዓት ሠሪ ነበር። ይህ ሰው ከአንድ ወዳጁ ጋር በየቀኑ አብሮ ይበላል፣ ይጫወታል፣ ደብዳቤ ይጻጻፋል። መጨረሻ ላይ ካሜራው ዞር ሲል የወዳጁ ወንበር ባዶ ነው። ጠና ነቃና «ጓደኛው የት ሄደ?» አለ። ገነቴ ነጠላዋን ገልጣ «የለም እኮ! ከመጀመሪያውም አልነበረም!» አለችው። ከዚያ ቆሎ የያዘ እጇ አፏ ሳይደርስ ቆመና ወደ እኔ ዞረች። «የአቢጋኤል እናት፣ ያቺ የዱራሜዋ ጓደኛሽ፣ ለመሆኑ ማን አይቷታል?»

ገነቴ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ምላሷ ይቀድማታል እንጂ። ግን ማንም አልሳቀም። ወደ ጠና አየሁ። እሱ ሆስፒታል እኔን ሊጠይቅ በመጣ ቁጥር አንቺ ፊትሽን በብርድ ልብስ ትሸፍኚ ነበር፤ ቤተሰቦችሽ መጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ገብታለች ብለው ስላወሩ የአገር ሰው እንዳያይሽ ነበር። ጠና ጉሮሮውን ጠራርጎ «እኔ ብርድ ልብሱን አይቻለሁ። ለብርድ ልብሱ መማል እችላለሁ» አለ። «ደብዳቤዎቿስ?» አልኩ። አቢጋኤል ቀስ ብላ፣ እንዳይሰብረኝ እየፈራች፣ «እማ፣ በፊልሙም ደብዳቤዎቹን የሚጽፈው ራሱ ነበር» አለችኝ።

ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። ከዚያ ግን መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና የአንቺን ደብዳቤ ከእኔ ጽሑፍ ጋር አስተያየሁት። አንድ ዓይነት ነው! በዳቦ መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ እያስጻፍሽ እጄን ያቃናሽው አንቺ ስለሆንሽ ነው፤ ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን ግድግዳው ውስጥ ያወሩኝ የነበሩትንም ሰዎች አውቃቸው ነበር። ስም ነበራቸው፤ ስጠይቃቸው ይመልሱልኝ ነበር። እነሱ ከሌሉ አንቺ ስለመኖርሽ ምን ማረጋገጫ አለኝ? ስልክ አንደዋወል የተባባልነው ፊት የሌለው ድምፅ ጠግበናል ብለን ነበር። ያን ቀን ግን ቆጨኝ። አንቺ ከሌለሽ ዳንኩ ያልኩት ሁሉ ውሸት ሊሆን ነው። የጻፍኩልሽ በዚህ ፍርሃት ነው።

የእናንተ በዓል መሳላ ስለሚይዝሽ ከበዓሉ በኋላ ባለው ቅዳሜ እመጣለሁ ብለሽ ስትመልሺልኝ፣ መልእክቱን ያመጣውን የመኪናውን ረዳት ልስመው ምንም አልቀረኝ። «አይተሃታል? በዓይንህ?» አልኩት። «እንዴ፣ ሒሳብ ተከራክራኛለች እኮ!» አለኝ። እሷ ናት አልኩ።

ትናንት ቤቱን ብታይው! አተካና ሠራሁ፤ ቡላው ጥሩ፣ ቅቤው ከሌሞ ገጠር የመጣ። ጠና ሥጋ ገዛ። አቢጋኤል ልብሷን ከወንበሮቹ ላይ ሰበሰበች። ገነቴ ሳትጠራ የሠርግ ቀሚሷን ለብሳ መጥታ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ባጃጁ በር ላይ ሲቆም ሁሉም ብድግ አለ። አንዲት ሴት ወረደች። ረጅም ናት፤ የግቢያችንን በር ጎንበስ ብላ ገባች።

አንቺ አልነበርሽም።

ሁሉም የሚያዩት ደግሞ እሷን ሳይሆን እኔን ነው። መጥታ አቀፈችኝና ጆሮዬ ላይ «እህቷ ነኝ፤ እሷ ናት የላከችኝ። እባክሽ እሺ በይኝ» አለችኝ። እኔም ጎረቤት እስኪሰማ «መጣሽልኝ!» ብዬ ጮህኩ። ግማሹ ውሸት ነው፤ ግማሹ ግን ከልቤ ነበር። የሌለ ሰው እህት አይኖረውም!

አቢጋኤል እንግዳዋን እንደ ፖሊስ ያዘቻት። «እትዬ፣ እማ ሆስፒታል እያለች ምን ታደርግ ነበር?» «ትተኛ ነበር።» «ሌላስ?» «ስትነሳ ደግሞ መቼ ነው የምንተኛው ትለኝ ነበር።» ጠና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ገነቴ «ራሷ ናት! ራሷ ናት!» አለች፤ አንቺን በምን እንደምታውቅሽ እንጃ።

ከዚያ እህትሽ አንድ ታሪክ አወራች። አመሻሽ ላይ መብራት ጠፍቶ በክፍሉ ያለን ሁሉ ስንጮህ፣ አንዷ ስታለቅስ፣ አንዷ በሩን ስትደበድብ፣ እኔ በጨለማው ውስጥ በሀዲይኛ መዝሙር እንደጀመርኩ፣ ቃሉን ማንም ሳያውቀው ሁሉም ቀስ በቀስ ዝም እንዳለ፣ ነርሷ እንኳ ባትሪዋን አጥፍታ በሩ ላይ ቆማ እንደሰማች። አቢጋኤል መጠየቋን ተወች። ጠና እጄን ያዘ። እኔ ቀና ማለት አቃተኝ። የዘመርሽው አንቺ ነበርሽ እኮ፤ በከምባትኛ ነበር። እኔ አልጋ ሥር ነበርኩ። እህትሽን ስታስጠኚያት ያንን መዝሙር ለእኔ ሰጠሽኝ። ልጄ እንዲያ ባለ ዓይን አይታኝ አታውቅም። ምን ብዬ ላመስግንሽ?

ጓዳ ለብቻችን ስንሆን «የት ናት?» አልኳት። ነገረችኝ። ሐሙስ ዕለት ድምፆቹ እንደጀመሩሽ፣ ሻንጣሽን ራስሽ እንዳሰናዳሽ፣ መኪናም ራስሽ እንደተሳፈርሽ፣ ከመሄድሽ በፊት «አንቺ ሂጂላት፤ አለበለዚያ የለችም ይሏታል» እንዳልሻት። እህትሽ እያለቀሰች ነበር። እኔ ግን ምን እንዳልኳት ታውቂያለሽ? «በእግሯ?» አልኳት። «አዎ በእግሯ።» ያኔ እኔ በሁለት ሰው ተይዤ፣ አንቺ በገመድ ታስረሽ ነበር በዚያ በሆስፒታሉ በር የገባነው። አሁን በእግርሽ ገባሽ። ደስ ብሎኝ የቅቤ እጄን ሳልታጠብ አቀፍኳት፤ ልብሷን አበላሽቼባታለሁ፣ ይቅር ትበለኝ።

እህትሽ ከሄደች በኋላ ግን ነገሩ ከበደኝ። ዝም ካልኩ አንቺ አለሽ፣ እኔም ጤነኛ ነኝ፣ ሁሉም ደስ ብሎታል። ነገር ግን አንቺን ለመጠየቅ መምጣት አልችልም፤ ትናንት ያየናትን ሴት ሆስፒታል ልጠይቃት ነው ልበላቸው? እውነቱን ብናገር ደግሞ አንቺ እንደገና ትጠፊያለሽ፤ እኔም ሌላ ሴት ጓደኛዬ ናት ብላ ቤት ያመጣች በሽተኛ እሆናለሁ።

ዛሬ ከቸርች ስንመለስ ቁርስ ላይ ነገርኳቸው። «የትናንትናዋ ሴት ጓደኛዬ አይደለችም፤ እህቷ ናት። ጓደኛዬ እንደገና ታማ አዲስ አበባ ተኝታለች።» አቢጋኤል ዳቦውን አስቀመጠች። ሙዚቃው ሊጀምር ነው ብዬ ጠበቅሁ። ጠና ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰና «አውቄያለሁ» አለ። ደነገጥኩ። «ጓደኛዬ ከትከሻህ አታልፍም ስትይኝ አልነበረም? ያቺ ሴትዮ እኮ በራችንን ጎንበስ ብላ ነው የገባችው» አለኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ አንቺ ሳወራለት የሚያንቀላፋ ይመስለኝ ነበር።

«ታዲያ ጓደኛዬ አለች ትላለህ?» አልኩት። ሊያጽናናኝ ብሎ አልዋሸኝም። «እኔ ምን አውቄ? ሄደን እንያት። ካለች እንጠይቃታለን፤ ከሌለች አተካናውን እኛው በልተን፣ አንቺንም ለሐኪሙ አሳይተን እንመለሳለን» አለኝ። እንዲህ ያለ ደግ ነገር በየትኛውም ፊልም አልሰማሁም። አቢጋኤልም «ይሄ በፊልም ቢሠራ ማንም አያምነውም። እኔም እሄዳለሁ» አለች። ገነቴ በአጥር በኩል ሰምታ ኖሮ እሷም ካልሄድኩ ብላለች። እንቢ ማለት አልቻልንም።

ያንን በር ሁለተኛ አላየውም ብዬ ነበር። አሁን ግን የማስበው ምን ለብሼ እንደምገባ ነው።

ይህን ደብዳቤ እህትሽ ማክሰኞ በሆሳዕና ስታልፍ ተቀብላ ታደርስልሻለች። እኛ ሐሙስ ከምሳ በፊት እንደርሳለን። በእኔ አልጋ ላይ የተኛችውን ሰላም በይልኝ፤ ግን እንደ እኔ አትውደጂያት። ክኒንሽን እንዳትዘዪ። አራት ሰዎች እየተገፋፉ ሲገቡ ካየሽ አትጠራጠሪ፤ ቀድማ የምትጮኸው ገነቴ ናት። ከተጠራጠርሽም ነርሷን ጠይቂያት፣ ወይም እጄን ያዢው። እኔም የአንቺን እይዛለሁ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከአንቺ ይልቅ እኔ ሳልፈልገው አልቀርም።

ጌታ ሌሊቱን ያሳጥርልሽ። ሌሎቹን ድምፆች ሁሉ ዝም አሰኝቶ እስከ ሐሙስ የእኔን ብቻ ይተውልሽ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ስንመጣ ተገኚልኝ።

በእግሯ የምትመጣው
የአልጋ ጎረቤትሽ