በዜና ብቻ ስለሚፈስሰው ውሃችን

ለተከበሩ አቶ ወልደሰማያት፣
የ«ኦሞ ፀዳል» የዜና ድረ ገጽ ዋና አዘጋጅ፣
ጂንካ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም፣ ባልደረቦችዎም፣ ክፉ ነገር አይቶ የማያውቀው ካሜራችሁም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ አልጠራጠርም፤ ታማችሁ ቢሆን እንኳ በድረ ገጻችሁ ላይ መዳናችሁ ስለማይቀር አልጨነቅም። እኔ ከካኮ ገበያ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ በምትርቅ ቀበሌ ስምንተኛ ክፍል የማስተምር፣ የቀበሌው የውሃ ኮሚቴም ጸሐፊ የሆንኩ ምህረት ጉታ ነኝ። በስሜ ባያውቁኝ በፎቶግራፌ ያውቁኛል፤ ባለፈው ኅዳር «ነዋሪዋ የንጹሕ ውሃ ተጠቃሚ በመሆኗ ደስታዋን በእልልታ ስትገልጽ» ብላችሁ ያወጣችኋት ሴት እኔ ነኝ።

ስለ እልልታው ጥቂት ማብራሪያ እንድሰጥ ይፍቀዱልኝ። የእጅ ፓምፓችን ዘንጉ ተሰብሮ ውሃ ካቆመ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ሪፖርተራችሁ በሞተር ሳይክል ሲደርስ ሰው አገኘን ብለን ከበብነው፤ እኔም የፓምፑን እጀታ ወደ ላይ ወደ ታች እየናጥኩ «ይኸው፣ ጠብ አይልም! ጻፉልን!» ብዬ ስጮኽ አፌን እንደከፈትኩ ፎቶ ተነሳሁ። ካሜራ ድምፅ ስለማይሰማ አልፈርድበትም። ሪፖርተሩ ግን ሄልሜቱን ሲያወልቅ ሁለት ጆሮ እንዳለው በዓይኔ አይቻለሁ።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን እንደ ወጉ በቁጥር ላቅርብ።

፩. ዜናው በወጣ በሳምንቱ የጥገና ጥያቄያችንን ይዤ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ባለሙያው ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር ከሰጠኝ በኋላ ስልኩን አውጥቶ «ቲቸር ምህረት፣ ይኸው እልል እያሉ አይደል እንዴ? ተሠርቷል ተብሎ ሪፖርት ተደርጓል እኮ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ተመላልሼ አራቱንም ጊዜ በገዛ ፎቶዬ ተረትቻለሁ። አምስተኛውን ለመሄድ ፊት አጥቼ ነው ይህን የምጽፈው።

፪. እንዲህ ያለ ሥልጣን ያለውን ድረ ገጽ በቅጡ ልወቀው ብዬ ከተማሪዎቼ ጋር አንድ ወር ሙሉ አነበብነው። ማን ተናገረ፣ ማን አየ፣ የተወቀሰው ሰውስ ተጠየቀ ወይ እያልን ሃያ ስድስት ዜና መረመርን። አሥራ ዘጠኙ «ተገለጸ» ይላሉ፤ የገለጸው ሰው ግን የለም። ስማቸው እንዲጠቀስ ያልፈለጉ አንድ ነዋሪ በስድስት ወረዳ ስድስት ጊዜ፣ ቃል ሳይለውጡ አመስግነዋል፤ ያን ሁሉ መንገድ የሚያዘልቅ ጉልበት ይስጣቸው። እናንተ የምትደግፉት ወገን በወሩ ውስጥ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም፤ የምትቃወሙት ወገን ደግሞ ዝናብ ለመዘግየቱም ተጠያቂ ሆኗል፤ መልስ እንዲሰጥ ግን የደወለለት የለም። ተማሪዎቼ ለተአማኒነት ከመቶ አሥራ አንድ ሰጧችሁ። አሥሩ ቀኑን በትክክል ስለምትጽፉ ነው፤ አንዷን ለይሉኝታ ጨመሯት።

፫. አድልዎ እንዳይሆንብኝ እናንተን ጧት ማታ የሚራገመውን ተቀናቃኝ ድረ ገጽም አየሁ። ያው ፎቶዬ እዚያም አለ፤ «በቁጣ አደባባይ የወጣች ሰልፈኛ» ተብያለሁ። ቁጣውንስ አልሳቱትም፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን ከሥሩ ሰባ ሰው በውሃ ጥም አለቀ ብለው ስለጻፉ፣ ባለሙያው ያንን አንብቦ የውሃ ችግር የሚባለው ነገር የጠላት ወሬ ነው ወደሚል ድምዳሜ ደርሷል። እናንተ አጠጣችሁን፣ እነሱ ገደሉን፤ ምን ሆናችኋል ብሎ የጠየቀን ግን ከሁለታችሁም አልተገኘም።

አራተኛው ላይ ቀልዱን ልተው። ክፍሌ ውስጥ አሥራ አንድ ሴት ልጆች አሉ። ፓምፑ ከቆመ ወዲህ ሰባቱ ጧት ጧት ወደ ወንዝ ይወርዳሉ፤ ሲመለሱ ሁለት ክፍለ ጊዜ አልፏል። ፈተናው ሰኔ ላይ ነው። በሒሳብ ክፍሉን ትመራ የነበረችው ሀሴት ከጥር ጀምሮ ጭራሽ ቀርታለች። ቤቷ ድረስ ሄጄ እናቷን ባነጋግር አቀርቅራ፣ ውሃው ሲመጣ ትመጣለች አለችኝ። በጣም ተናድጃለሁ፤ በእናንተ ብቻ ሳይሆን ያን ቀን ካሜራ ፊት ቆሜ በእናንተ ተስፋ በማድረጌም ጭምር።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። መሥሪያ ቤቱ እኔን ሳይሆን እናንተን ስለሚያምን፣ «ፓምፑ አልተጠገነም» የምትል ሁለት ቃል በአንዱ ጥግ ብታወጡልን ይበቃናል። የምትደግፉት ወገን በዚህ አይወድቅም፤ ቢበዛ አንድ መካኒክ መፍቻውን ይዞ ይመጣል።

ሳንደሰት ስላስደሰታችሁን ከልብ እያመሰገንኩ፣ ለድረ ገጻችሁ ረጅም ዕድሜ፣ ለአንባቢዎቻችሁም ረጅም ትዕግሥት እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣
ምህረት ጉታ
ውሃ የሌለው የውሃ ኮሚቴ ጸሐፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ሳልልከው፣ ዜናችሁን ያነበበ አሥራ ሁለት ሰዎች ያሉት ቡድን ከሌላ ወረዳ ለልምድ ልውውጥ መጣ። ሞዴል የተባለውን ፓምፕ ዞረው አዩ፣ ማስታወሻ ያዙ፣ መንገዱ አቧራ ስለነበር የሚጠጣ ውሃ ጠየቁ። እንግዳ ናቸውና ከሰባቱ ልጆች አንዷ ከወንዝ ተሸክማ ያመጣችውን ጄሪካን አቀረብንላቸው። አብሯቸው የመጣው ሪፖርተራችሁም ሁለት ኩባያ ጠጣ። ዜናውን ዛሬ ጧት አነበብኩት፤ ጎብኚዎቹ የፓምፑን ውሃ ጣዕም ማድነቃቸው ተገልጿል። ልጅቷ ጠጥተው ሲጨርሱ ባዶውን ጄሪካን አንስታ ወደ ወንዙ ተመልሳ ነበር፤ ፎቶው ላይ የለችም።