ውሸታሙ ኮርድ ለዪ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ። እንዴት ነሽልኝ? እኔ ከንዴት በቀር ደህና ነኝ።

ያ ፒያኖ ሲመታ አብረው የተመቱትን ድምፆች ሰምቶ የኮርዱን ስም እዚያው ስክሪን ላይ የሚጽፈው የላክሽልኝ ፕሮግራም ዓይን ያወጣ ውሸታም ነው! ሠላሳ ዓመት ጀርባዬን ለፒያኖው ሰጥቼ ተማሪ የመታውን ኮርድ ስጠራ ማን አርሞኝ ያውቃል? ትናንት «ሲ ሜጀር» ብል «ኤ ማይነር» ብሎ ጻፈ። ተማሪዎቼም እሱን አመኑ! የዘንድሮ ተማሪ ደግሞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል እንጂ አይናገርም። እናትሽም ሳትጮህ አታወራኝም፤ «ምን አጠፋሁ?» ስላት እንባዋ ይመጣል።

ከዛሬ ጀምሮ ፊቴን ወደ ፒያኖው አዙሬ ነው የማስተምረው። የጣታቸውን አቀማመጥ ልቆጣጠር ብዬ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ድምፅሽ ናፍቆኛል። ስልክ ግን አትደውዪ፤ መስመሩ ተበላሽቷል። ጻፊልኝ።

ጉንጭሽን ስሞ የማይጠግብ አጎትሽ