አንበሳውን ሳናግረው

ለምወድሽ ልጄ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? እኔና ልጅሽ ደህና ነን፤ ከቤቱ የጎደልሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

ልጅሽ ከትምህርት በኋላ እዚያው ትምህርት ቤት ትቆያለች። ይሥላሉ፣ ይዘምራሉ፣ የቤት ሥራም ያግዟቸዋል። መምህርቷ ጥሩ ሰው ናት፤ ክፉ ቃል አይወጣትም። ማታ ተረት ሳነብላት ግን ልጅሽ፣ «አያቴ፣ አንቺ ስታነቢ አንበሳውም ጦጣዋም እንደ አንቺ ነው የሚያወሩት። መምህርት ድምጿን ለውጣ አንበሳውን ስታናግረው እንፈራለን» አለችኝ።

ፊደል የለየሁት አባትሽ ካረፈ በኋላ ስለሆነ ለአንቺ አንብቤልሽ አላውቅም። ለእሷ እንኳ ላድርሰው ብዬ፣ ብቻዬን ስሆን ማግሳት ተለማመድኩ። ጎረቤታችን በሩን አንኳኩታ፣ «ምነው፣ ወንድ እንግዳ መጣብሽ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ባለፈው ሐሙስ ቤተሰብ ትምህርት ቤት ሄዶ ለልጆቹ የሚያነብበት ቀን ነበር። አዲሱን ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። አንበሳዬ ሲያገሳ ልጆቹ ጮኹ። ልጅሽም የምሯን ፈራች፤ ፈርታ ሮጣ የተሸጎጠችው ግን መምህርቷ ጉያ ውስጥ ነው። እዚያው ሆና፣ «በርቺ አያቴ፣ ቀጥዪ» አለችኝ። መነጽሬን ወልውዬ እስከ መጨረሻው አነበብኩ።

መምህርቷ ስትሸኘኝ፣ «እማማ፣ በየሐሙሱ ይምጡልን እንጂ» አለችኝ። ጉልበቴን ያመኛል አልኳት። ጉልበቴ ደህና ነው፣ አታስቢ።

ባለሽበት ሰላም ሁኚልኝ። ስትደውዪ ማታ ደውዪ፤ ማታ ልጅሽ ከእኔ ጋር ናት።

እናትሽ