ያመጣሽን አንቺ ነሽ

እማዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ሊሞላ ነው። ሙት ዓመትሽ የፊታችን እሑድ ነው፤ የእድሩ ጋሽ ታፈሰ አዳራሹን ይዟል፣ ለቄሶቹም ተነግሯል። ሌላው ሰው ለሞተበት ሲጽፍ ናፍቆቱን ነው የሚያስቀድመው። ናፍቀሽኛል፤ እሱን ታውቂዋለሽ። እኔ ግን ይህን የምጽፍልሽ ተናድጄብሽ ነው። የሰማሁትንም ላደርገው የወሰንኩትንም ከእሑድ በፊት ላንቺ መንገር አለብኝ፤ ነገሩ ያንቺ ነውና።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ስቶክሆልም ዳር፣ ኖርስቦሪ ያለው ቤት እንዳለ ነው። አባዬ ብቻውን ይኖርበታል፤ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ። በረንዳው ላይ የነበረው ጤና አዳምሽ በመጀመሪያው ውርጭ ሞተ። ቅዝቃዜ ሲመጣ ወደ ውስጥ እንደሚገባ አባዬ አያውቅም ነበር፤ እኔም በንዴቴ አልነገርኩትም። የሥራ ልብስሽ አሁንም ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ሲገባና ሲወጣ ትከሻውን ይነካዋል፣ ግን አያነሳውም። አልጋው ላይ በአንቺ በኩል ጋዜጣ ይከምራል። ራቱን ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ ይበላል፤ ቁጭ ብለህ ብላ ስለው "ምን ልሁን ብዬ ነው የምቀመጠው?" ይለኛል።

ቱነልባና፣ ያ የምድር ውስጥ ባቡርሽ ውስጥ፣ በገባሁ ቁጥር ጆሮዬ አንቺን ይፈልጋል። ያን ቀን ታስታውሻለሽ? ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ቆመ። ሰው መነጫነጭ ሲጀምር ድምፅሽ ከላይ መጣ። ከፊታችን ሌላ ባቡር እንዳለ፣ ጥቂት እንድንታገሥ በዚያ ቀጥ ባለው ስዊድንኛሽ ተናገርሽና "ሾፌሯ እኔ ነኝ፤ የትም አልሄድኩም" አልሽ። ሰው ሳቀ። አጠገቤ ለነበረችው የማላውቃት ሴትዮ "እናቴ ናት" አልኳት። ያን ያህል በአንቺ የኮራሁበት ቀን የለም። የሚያውቅሽ ሰው በሌለበት፣ በሰው አገር ቋንቋ፣ "እኔ ነኝ" ማለት ትችይ ነበር።

ትምህርቴን መቼም ትቀልጂበት ነበር። "ለሞተ ጣሊያን ብለሽ ነው ዓይንሽን የምታጠፊው?" ትይኝ ነበር። እኔም የምችለውን ያህል አስረዳሽ ነበር። ከአራትና ከአምስት መቶ ዓመት በፊት እዚያ አገር ሰዎች ስለ ራሳቸው መጻፍ እንደያዛቸው፤ ንጉሥ ወይም ቅዱስ ያልሆኑ ሰዎች፣ አንጥረኛው፣ ሐኪሙ፣ ነጋዴው፣ ብዕር አንስተው እኔ እንዲህ ኖርኩ ማለት እንደጀመሩ። ጠባቸውን፣ በሽታቸውን፣ የልጆቻቸውን ሞት፣ የበሉትን ሳይቀር እንደጻፉ። ውሸትም እንደነበረበት አልደበቅኩሽም፤ ብዙዎቹ ከኖሩት ይልቅ አስረዝመው ነው ራሳቸውን ያቆሙት። "ጣሊያን ስለ ራሱ ማውራት መች አቁሞ ያውቃል" ብለሽ ሳቅሽ።

ሆስፒታል ተኝተሽም ስለዚሁ እናወራ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲሠራ ሠዓሊው በሕዝቡ መካከል፣ ጥግ ላይ፣ የራሱን ፊት ይሥል እንደነበር ነገርኩሽ። ሌላው ሁሉ ወደ ክርስቶስ ሲያይ እሱ ብቻ ወደኛ ያያል። አሰብሽና "የኛ አገር ደግሞ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ከሥር ተደፍቶ ነው የሚሣለው፤ ያንተ ጣሊያን ቆሞ ያፈጣል፣ የኛ ሰው እግር ሥር ይተኛል፣ መታየቱን ግን ሁለቱም ፈልገውታል" አልሽኝ። "ያንተ" ያልሽኝ ስትቀልጂ እንደ ወንድ ስለምትጠሪኝ ነው። ያንን ሐሳብሽን ድርሰቴ ውስጥ አስገባሁት። አስተማሪዬ ከዳር አሰመረችበት።

ከዚያ ስለ ገዳም ሴቶቹ አጫወትኩሽ። ንስሐ አባታቸው ሕይወትሽን ጻፊ ብሎ ያዛቸው ነበር፤ ሲጽፉ ደግሞ እሱ ይሰርዛል፣ ይቀንሳል፣ ለሰው ጆሮ እንዲመች አድርጎ ያስገለብጣል። ስለነዚህ ሴቶች ሳወራ ድምፄ ከፍ ይል ነበርና ነርሷ በሩን ዘጋችብን። አንቺ ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዞርሽ። "ምናልባት ራሷ ትሆናለች የሰረዘችው። ማን አየ?" አልሽ። እኔ ሳቅኩብሽ። የተማርኩት እኔ ነኝ ብዬ፣ እንዲህ አይደለም እማዬ ብዬ፣ ረጅም ነገር አስረዳሁሽ።

እንግዲህ የቀብርሽ ዕለት። እንደ ደንባችን ሣጥኑ ሳይወርድ የሕይወት ታሪክሽ ይነበባል። እኔ ላንብብ ብዬ ነበር። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ታፈሰ "አንቺ ታለቅሺያለሽ፣ አማርኛሽም ይሰበራል፣ ተዪው" አለኝ። አማርኛዬ የት እንደሚሰበር እስካሁን አላሳየኝም። ራሱ ቆሞ አነበበ። "ወይዘሮ የሺመቤት ባለቤታቸው ቀድመው ወደ ስዊድን ከመጡ በኋላ እርሳቸውን ተከትለው በመምጣት፣ ለባለቤታቸው ታዛዥ፣ ለልጃቸው አሳቢ ሆነው፣ በትራንስፖርት ሥራም ተሰማርተው" አለ። በዚያ ብርድ ላቤ መጣ። ሙሉ ባቡር ሕዝብ ጭና ከዋሻ ወደ ብርሃን የምታወጣ ሴት በትራንስፖርት ሥራ ተሰማርታ። ተከትላ።

ማን ማንን ተከተለ? እኔ እኮ አይቻለሁ። አንቺ ስትሄጂ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ አዲስ አበባ ከአባዬ ጋር ቀረሁ። በሱዳን በኩል ብቻሽን ወጣሽ። ስዊድን ሰሜን ያለች፣ ፀሐይ የማይዘልቅባት ከተማ ወስደው አስቀመጡሽ፤ ቋንቋ ተማርሽ፣ ደረጃ ጠረግሽ፣ ሽማግሌ አጠብሽ፣ ወረቀታችንን ጨርሰሽ አስመጣሽን። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የአባዬን እጅ ይዤ በአውሮፕላን ማረፊያው በሚንሸራተት በር ስወጣ፣ ፊትሽን ረስቼው ነበርና መጀመሪያ ያወቅኩት ድምፅሽን ነው።

አባዬ ቀብሩ ላይ ከጎኔ ቆሞ ነበር። ሰማ። መሬት መሬት አየ።

ይህን ዓመት ሙሉ ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ። እነዚያ ንስሐ አባቶች ኖርስቦሪ መጥተዋል አልኩ። ወንዶቹ ተሰብስበው እናቴን ሰርዘው ገለበጧት አልኩ። ከአባዬ ጋር ሰላምታ ብቻ ሆንን። ጋሽ ታፈሰን ቱነልባና ጣቢያው ላይ ሳየው በሌላው ደረጃ እወርድ ነበር። ባለፈው ሳምንት ለሙት ዓመቱ የሚታደለውን ካርድ ላከልኝ፤ ፊት ለፊቱ ፎቶሽ፣ ጀርባው ላይ ያው ጽሑፍ። "ተከትለው" የሚለው ቃል ሳይነካ። በዚያው ቀን ቤቱ ሄድኩ።

"ተቀመጪ እስቲ ፕሮፌሰሯ" አለኝ። አልቀመጥም አልኩት። የማታውቀውን ሴት ሕይወት ማን ጻፍ አለህ አልኩት። አንቱታዬን ጥዬ፣ አንተ ብዬ። ባለቤቱ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝና ተመልሳ ገባች። እሱ አልተቆጣም። መነጽሩን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

"ልጄ፣ እኔ ከየት አባቴ አውቄ ነው የምጽፈው? እናትሽ ሆስፒታል አስጠርታ፣ አጠገቧ አስቀምጣ፣ ቃል በቃል አስጻፈችኝ። አንብብልኝ አለች፣ አነበብኩላት። 'ታዛዥ' የሚለውንማ መጨረሻ ላይ ነው ያስገባችው፤ ይሄ አልበዛም ወይ የሺ ስላት፣ አንተ ምን አገባህ፣ ጻፍ አለችኝ። አንቺ እንድታነቢው ያልፈቀደችውም እሷው ናት። ታርመዋለች ብላ።"

ያን ጊዜ ተቀመጥኩ።

አሥራ አራት ዓመቴ አካባቢ ማኅበር ላይ የሆነው ትዝ አለኝ። አንዲት ሴትዮ ለአባዬ "መቼም አንተ ባታመጣቸው" ስትለው፣ እኔ ቀበል አድርጌ "እማዬ ናት ያመጣችን" ልል አፌን ስከፍት ጭኔን ከጠረጴዛው ሥር ቆነጠጥሽኝ። ሳምንት ሙሉ በለዘ። ለዘመናት ያን ቁንጥጫ "ትልቅ ሰው አይታረምም" ማለትሽ ነው ብዬ ነበር የተረዳሁት። ለካ ዝም ያሰኘሽኝ ስለ ሴትዮዋ አልነበረም።

ወደ ቤት ሄጄ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁና አባዬን ጠየቅኩት። ሰሜን ሳለን እዚያ የነበሩት አበሾች "ሻንጣው" ይሉት እንደነበር ነገረኝ። የሺ ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለችው ሻንጣ። በበዓል ሰው ሲሰበሰብ "ሻንጣውን ወዲያ አርጉት፣ መንገድ ዘጋ" ይባል ነበር። አገሩ መምህር የነበረ፣ ሲገባ ተማሪ የሚነሳለት ሰው፣ እቃ እያጠበ ይሄንን ይሰማል። "ስቶክሆልም ስንገባ የሚያውቀን አልነበረም፤ እሷው ጀመረችው" አለኝ። "እሱ ነው ያመጣን ብላ ነገረቻቸው። እኔ በይ አላልኳትም።" ከዚያ "አይደለም ብዬም አላውቅም" አለ።

እና በማን ልቆጣ እማዬ? በጋሽ ታፈሰ እንዳልቆጣ እሱ ጸሐፊሽ ነው። በአባዬ ተቆጥቻለሁ፤ ዳር እስኪደርስ እቆጣለሁ። አንዲት ሴት የሠራችውን ለስሙ እየሰጠች እሱ በሥራዋ ሲከበር ኖሯል። የበለጠ ግን ያቃጠልሽኝ አንቺ ነሽ። ዓመቱን ሙሉ ስታገልልሽ ከማን ጋር ነበር የምታገለው? ከራስሽ እጅ ጋር። የሰረዘሽን ወንድ ስፈልግ፣ አልጋሽ ላይ ሆነሽ ስትሰርዢ የነበርሽው አንቺ። ነግረሽኝም ነበር፤ "ምናልባት ራሷ ትሆናለች" ብለሽ ፊቴ ላይ ነግረሽኝ ነበር፣ እኔ ስለ ሌላ ሰው የምታወሪ መሰለኝ።

የማጠናቸው ሰዎች ሲዋሹ ራሳቸውን ከፍ አድርገው ነው የዋሹት። አንጥረኛው ከነገሥታት ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። አንቺ ደግሞ ራስሽን ዝቅ አድርገሽ ዋሸሽ፤ ሥዕሉን ያሠራሽው አንቺ፣ ከሥር የተደፋሽውም አንቺ። በማርያም እግር ሥር ቢሆን በገባኝ። በአባዬ እግር ሥር ነው እኮ የተኛሽው። ፍቅር ነበር ትይኝ ይሆናል። ይሁን። ለሱ ያሰብሽለትን ያህል ለኔ አስበሽልኝ ታውቂያለሽ? ሴት ልጅሽ ነኝ። ስትሞቺ የምወርሰው ታሪክሽን ነበር። እሱን ለባልሽ ክብር መሸፈኛ አድርገሽ ቆራርጠሽው ለኔ ያወረስሽኝ "ተከትለው" የሚል ቃል ነው።

ካርዱን ላስቀይር አስቤ ነበር። ብዕር አንስቼ ጽሑፍሽ ላይ ተደፋሁ። ከዚያ እጄን አየሁት። ያ የገዳሙ ንስሐ አባት እጅ ነበር፤ ላንቺ ይበጅሻል ብሎ የሚሰርዝ። ብዕሩን አስቀመጥኩት። ውሸትም ቢሆን ያንቺ ቃል ነው፣ ራስሽን የሣልሽው አንቺ ነሽ፤ ጭረት አላስቀምጥበትም።

የወሰንኩት ይኸውልሽ። እሑድ ጋሽ ታፈሰ ያንቺን እንደ ወረደ ያነባል። ከዚያ እኔ እነሳለሁ፤ ፈቃድ አልጠየቅኩም። የማነበው ያንቺን ሕይወት አይደለም፣ የራሴን ነው። የራሴን ለመናገር ማንም አይከለክለኝም፣ አንቺም ከጠረጴዛ ሥር አትቆነጥጪኝም። "እኔ የየሺመቤት ልጅ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ የአባቴን እጅ ይዤ ነበር፣ ከበሩ ወዲያ እናቴ ቀይ ጃኬት ይዛ ቆማ ነበር" ብሎ ይጀምራል። ያየሁትን ብቻ ነው የጻፍኩት። ከዚያ የሚሰማው ሰው ራሱ ያስላው።

ዛሬ ጠዋት ለአባዬ አነበብኩለት። እንዲዘጋጅ ብዬ እንጂ አስተያየት ፈልጌ አልነበረም። ተዪው የሚለኝ መስሎኝ ነበር፤ የምመልስለትንም አዘጋጅቼ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከተቀመጠበት ተነስቶ ወደ በሩ ሄደ፣ የሥራ ልብስሽን እጅጌ ያዝ አደረገ።

"ሁለት ነበር" አለኝ። "ጃኬቱ። ያንቺ ቀዩ፣ የኔ ሰማያዊው። እጅጌው አጥሮኝ ነበር። ሰው ፊት አለበሰችኝ፣ እንደ ልጅ፣ ቁልፉን እስከ ላይ ቆለፈችልኝ።" ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ "እሱንም ጨምሪ" አለ።

ጨመርኩት። አላቀፍኩትም፤ ለዚያ ገና ነኝ። ራቱን ግን ዛሬ ተቀምጦ በላ።

አንቺንም ይቅር ብዬሻለሁ አልልሽም እማዬ፤ በማላምንበት ነገር ወረቀት አላቆሽሽም። ቃል የምገባልሽ ይህንን ነው። አንቺ ያስጻፍሽውን ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ካርዱ በየቤቱ ይቀመጣል። እኔ ያላስጻፍሽውን አስታውሳለሁ። የበሩን መንሸራተት፣ ድምፅሽን፣ ሁለቱን ጃኬቶች። እድሜ ሰጥቶኝ ልጅ ብወልድ በዚህ ቋንቋ ባይመልስልኝም በዚህ ቋንቋ እነግረዋለሁ። እሑድ እዚያ አዳራሽ ጥግ ላይ ቆሜ፣ ሌላው ሁሉ ወደ ፎቶሽ ሲያይ፣ እኔ ሰውን ፊት ለፊት እያየሁ እናገራለሁ።

ያመጣሽን አንቺ ነሽ።

ልጅሽ፣ ሜሮን