እናቶቻቸውን ሳላይ የገዛኋቸው እንቁላሎች

ይድረስ ለውድ እህቴ፣ ለእታለም፤

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ጋሼስ፣ ልጅቷስ፣ አማትሽስ በጤና ናቸው? እኔ ሥጋዬ ደህና ነው፤ ከሥጋዬ በቀር ደህና የሆነ ነገር ስለሌለ ሰላምታውን አላስረዝምም። ስልክ ያልደወልኩት ድምፄ እንደሚንቀጠቀጥ ስለማውቅ ነው፤ ብዕር ቢንቀጠቀጥ ሰው የእጅ ጽሑፌ ነው ይላል።

ነገሩ እስክትመለሱ በአደራ ስለተውሽልኝ ዶሮዎችሽ ነው። ሠላሳ አንዱም ይህን እስክጽፍ ድረስ በሕይወት አሉ። አስቀድሜ የነገርኩሽ ቀጥሎ ያለውን ተቀምጠሽ እንድታነቢው ነው።

ከአምስት ሳምንት በፊት፣ ስትመለሺ በርከት ብለው እንዲጠብቁሽ ብዬ የሚታቀፍ እንቁላል ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ የሄድኩት አንቺ ወደምታምኛት አርቢ፣ ሰፈሩ «እማማ አይሆንም» ወደሚላት ሴትዮ ነው። ገና ሰላም ሳልላት አይሆንም አለች። የዶሮዎቿ ደም ተመርምሮ ውጤቱ እስኪመጣ አንዲት እንቁላል ከግቢዋ እንደማትወጣ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንድመለስ ነገረችኝ። አንድ ትሪ ብቻ ብዬ ብለምናት፣ «አንዱ ትሪ እንቁላል አይደለም እንዴ አባቴ?» ብላ በሩን ዘጋችብኝ። ተቀየምኩ። የታመነ ሰው ማለት የሚሸጥልኝ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ገበያ ያገኘሁት ሰውዬ ግን ምላሱ ማር ነው። እንቁላሎቹ ታጥበው እንደ ጥርሱ ያበራሉ፤ የሚታቀፍ እንቁላል እንደማይታጠብ ደግሞ አውቃለሁ። ስለ እናቶቻቸው ብጠይቀው፣ «ወንድሜ፣ እኔ የምሸጠው እንቁላል ነው፣ የዘር ሐረግ አይደለም» አለኝ። ሳቅኩለትና ገዛሁት። አንቺ በላክሽልኝ የእርባታ መጽሐፍ ላይ «ከመግዛትህ በፊት እናቶቹን በዓይንህ እይ» የሚለውን በቀይ አስምሬበታለሁ፤ ለካ ማስመሩን እንደ መፈጸም ቆጥሬው ኖሯል።

የመፈልፈያ ማሽኑ ውስጥ ከትቻቸው በሃያ አንደኛው ቀን አሥራ ዘጠኝ ጫጩት ወጣ። እማማ አይሆንም ውጤቷ ንጹሕ ሆኖ መሸጥ የጀመረችውም በዚያው ሳምንት ነው። እስከዚህ ድረስ ጥፋቴ በአንድ ክፍል ታጥሮ ነበር። መብራት ሲቆራረጥ ግን «ማሽን ይፈለፍላል እንጂ አያቅፍም» የምትል ፍልስፍና መጣችልኝና ጫጩቶቹን ወስጄ ለዶሮሽ ለቡሬ ሰጠኋት። ቡሬን ታውቂያታለሽ፣ ድመት ቢሰጧትም ታቅፋለች። ሌሎቹ ሁሉ በሚያድሩበት ቤት ውስጥ ማለት ነው።

በአራተኛው ቀን ጫጩቶቹ ክንፋቸውን ጥለው ይቆዝሙ ጀመር፤ መቀመጫቸው ላይ እንደ ኖራ ነጭ ነገር ደርቋል። እስከ ትናንት አሥራ አራቱ ሞተዋል። የእንስሳት ሐኪሙ አንዱን ከፍቶ አየና ከየት እንደገዛሁ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ደብተሩ ላይ ጻፈው፤ የሚጽፍ ሐኪም ያስፈራል። ቆይቶ፣ በሽታው ከእናት ወደ እንቁላል እንደሚያልፍ፣ ትልልቆቹንም ከጫጩቶቹ ሊይዛቸውና ሳይታመሙ ተሸክመውት ሊኖሩ እንደሚችሉ አስረዳኝ። ዛሬ ጠዋት መጥቶ ከእያንዳንዷ ጠብታ ደም ወስዶ በሽታውን ከሚያጋልጥ ቀለም ጋር ያቀላቅላል። ደሟ የጓጎለ በሽታው አለባትና አትተርፍም፣ ትገደላለች። ብዙዎቹ ላይ ከተገኘ ቤቱ ባዶ ይሆናል።

እታለም፣ ፈርቻለሁ። አሥር ዓመት እየመረጥሽ ያወጣሽው ዘር ነው፤ ስትመለሱ የምትተዳደሩበትም እሱ ነው። ከንጋት ጀምሮ ሦስቴ ቆጠርኳቸው፣ ቆጠራ መድኃኒት ይመስል። አንዷ ስትንጫጫ ልቤ ይወድቃል፤ ዝም ስትል የባሰ። ከሁሉ የምፈራው ደግሞ «አይዞህ፣ እግዜር ያመጣው ነው» ብለሽ እንዳትጽፊልኝ ነው። እግዜር ገበያ አልወጣም። እባክሽ ስደቢኝ።

ለጋሼ ከአንገቴ ዝቅ ብዬ እጅ ነሥቻለሁ። የአማትሽን ጉልበት ሳሚልኝ፤ የዶሮውን ነገር ግን አትንገሪያቸው፣ የደም ግፊታቸው ይነሣል። ልጅቷን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ስለ ቡሬ ከጠየቀችሽ፣ ዛሬ ጠዋት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ ደህና ነበረች በያት፤ ይህ ውሸት የለበትም።

የሐኪሙ ሞተር ደጃፉ ላይ ቆመ። ዶሮዎቹን አንድ በአንድ የምይዝለት እኔ ነኝ።

ወንድምሽ
ከዶሮዎችሽ ቤት ደጃፍ
ግንቦት ፲፩ ቀን