ኤክስ ያለበት ሰላምታ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከጠዋቱ 1 ሰዓት
ዛሬም አስራ ዘጠኝ የማስታወቂያ ሊንክ። ደብተሬ፣ ፊቴን ሳልታጠብ ሊንክ አጠፋለሁ። ማንም ገብቶ ቃል እንዲጨምር ብለን ከጓደኛዬ ከታምራት ጋር የከፈትነው የሀዲይሳ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ድረ ገጽ የቁማርና የብልግና ማስታወቂያ መለጠፊያ ሆኗል። "እንሰት" ከሚለው ቃል ሥር ካዚኖ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ፤ ገጹን የማየው እኔ ብቻ ነኝ። ታምራት ደቡብ አፍሪካ ሄዷል፣ ሱቁ ፋታ አይሰጠውም። የብልግናዎቹ አድራሻ የኤክስ ፊደል ስለማያጣ፣ በነሐሴ ኤክስ ያለበትን ጽሑፍ ሁሉ የሚያግድ ማጣሪያ ሠራሁ። ጎበዝ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ሰው አልጻፈም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ምሳ ሰዓት
የመምህራን ክፍል። ስለ ገጹ ነገርኳቸው። ሁሉም "በርቺ" አሉኝ፣ ወደ ስልካቸው ተመለሱ። በርቺ መባል ሰለቸኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ ሰው ካልጻፈ እዘጋዋለሁ። ለታምራት በድምፅ ላክሁለት። አንቺ ታውቂያለሽ አለ። ከፋኝ። አትዝጊው እንዲለኝ ነበር የፈለግሁት።

እሑድ፣ ኅዳር 14። 9 ሰዓት
ከቤ/ክ ስወጣ አንድ አዛውንት በስሜ ጠሩኝ። አቶ ሀንዲሶ፣ ጡረተኛ የሀዲይሳ መምህር፣ ከሀቢቾ። ስሜን ከገጹ ግርጌ አግኝተው፣ ሰው ጠይቀው ነው።
"ልጄ፣ ሰላምታ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው?"
ከልጃቸው የተዋሱትን ስልክ አሳዩኝ። ቀይ ጽሑፍ፣ የራሴ ቃል፦ "ጽሑፍዎ ነውር ስላለበት ታግዷል።" የጻፉት "ጡማ" ብለው ነው፤ ሰላም ማለታችን። ግራ ገባኝ። ቀጥሎ አየሁት። ሀዲይሳ በላቲን ሲጻፍ ጠ በኤክስ ነው! እኔ የአማርኛ መምህር፣ ሁሌ በግዕዝ ፊደል የምጽፍ፣ ትዝም አላለኝ። ልጃቸው መልእክቱን አይቶ አባባ ምን ጽፈው ነው ብሎ ስቆባቸዋል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። አፈርኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ጠዋት 12፡30
የታገዱትን ዝርዝር ከፈትኩ። እስከ ዛሬ አይቼው አላውቅም። ከቆሻሻው መሃል እሳቸው አሉ፣ በየሳምንቱ። የዝናብ ዓይነቶች ስም፣ የእንሰት ክፍሎች። ከፎንቆ ከተማም አንድ ሰው። ከዱራሜ አንዲት ሴት፣ በከምባትኛም ጡማ ያው ነው ብላ። ሁሉም በጡማ ይጀምራሉ። ሦስት ወር ሙሉ ደጄ ቆመው ሰላም ሲሉኝ፣ እኔ ሰው የለኝም እያልኩ አለቅስልህ ነበር፣ ደብተሬ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እኔ ለቀቅሁ፤ ማጣሪያው ጠፍቷል። ወዲያው አምስት ቁማር ገባ። ይግባ፣ በእጄ እጠርገዋለሁ።

ለአቶ ሀንዲሶ ደወልኩ። ይቅር ብለውኛል፣ ከእንግዲህ ግን አይጽፉም፤ ኢንተርኔት ያለውን ስልክ ለልጃቸው መልሰዋል።

ገጹን አልዘጋም። ቅዳሜ ሀቢቾ እሄዳለሁ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። በኤክስ።